የ1966 አምስት ምርጥ አልበሞች (በፈረንጆቹ ነው፣ ተረጋጉ)

ባለፈው እሁድ ሥራ ፈትቼ ኢንተርኔት ላይ አንድ መወያያ ገጽ ውስጥ ጠብ ያነሳሁበትን ጉዳይ ላውራችሁ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ከ1966 አልበሞች አምስቱን ምረጡና ደረጃ ስጡ። ጠይቆ ዝም ማለት ደስ አይልምና የራሴንም ደረደርኩ። አንደኛ፣ የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»። ሁለተኛ፣ የቦብ ዲላን «ብሎንድ ኦን ብሎንድ»። ሦስተኛ፣ የሮሊንግ ስቶንስ «አፍተርማዝ»። አራተኛ፣ የቢትልስ «ሪቮልቨር»። አምስተኛ፣ የሳይመንና ጋርፈንክል «ፓርስሊ፣ ሴጅ፣ ሮዝሜሪ ኤንድ ታይም»።

ለምን ያ ዓመት ብትሉኝ፣ አልበም የዘፈን ማጠራቀሚያ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሪቮልቨር»ን ለምን አራተኛ እንዳደረግሁትም ጻፍኩ። አልበሙ አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቢትልሱ ጆን ሌነን ደግሞ የለበትም ማለት ይቻላል። ሁለት ዘፈን ብቻ ዘፍኖ ይጠፋል። ይህን ስጽፍ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። አልበሙን ከሰማሁት አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለማጣፈጫ ደግሞ «ፔት ሳውንድስ» እና «ብሎንድ ኦን ብሎንድ» በአንድ ቀን፣ ሜይ 16፣ እንደወጡ ጨመርኩ። ከዚያ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ መልስ 1 ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የፒንክ ፍሎይድ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የት ገባ ባይ ነው። አልፈርድበትም። ለሐበሻ 1966 ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት አብዮቱ ነው፣ የካቲት ነው፣ የባለታክሲዎቹ አድማ ነው። መልስ 2 የምናወራው ስለ ፈረንጆቹ 1966፣ በእኛ ስለ 1958ና 59 መሆኑን አስረዳው። መልስ 3 ደግሞ አንዱ ያለውን ከሌላው ጋር አስተያይቶ፣ ያ አልበም የወጣው በማርች 1973 ስለሆነ በእኛም ቢቆጠር 1965 ላይ እንደሚውል ጻፈ። ሰውየው በሁለቱም ካላንደር ተሳሳተ ማለት ነው። ርዕሱ ላይ ያለውን ቅንፍ የጨመርኩት ያኔ ነው።

መልስ 4 እጅግ ጨዋ ሰው ነው። ዕድሜዬን ከጽሑፌ ገምቶ «ጋሼ» አለኝ፣ አንቱም አለኝ። (ሃምሳን አልፌአለሁ፣ ግን እንዲህ ይታወቅብኛል እንዴ?) እርማቱን በትሕትና ጠቅልሎ አቀረበ። የዲላን አልበም ሜይ 16 ወጣ የሚባለው ለብዙ ዓመት ሲደጋገም የኖረ ነገር ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች አሁን የሚስማሙበት ቀን ጁን 20 ነው። ሁለቱ ታላላቅ አልበሞች በአንድ ቀን መንታ ሆነው ተወለዱ የሚለው ወሬ ደስ ስለሚል ብቻ ነው የኖረው ማለቱ ነው። አመሰገንኩት። ትንሽም ቅር አለኝ፤ ያቺን ወሬ ስንት ቦታ አውርቻታለሁ።

መልስ 5 ሠርግ ላይ ድራም የሚመታ ልጅ ነው። እሱ ስለ ደረጃው ግድ የለውም። የጻፈው የዲላን አልበም አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ሲቀዳ ስለሆነው ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ዲላን ስቱዲዮ ገብቶ ግጥሙን እየጻፈ ነው። ሙዚቀኞቹ በሰዓት ይከፈላቸዋል፤ ካርታ እየተጫወቱ ይጠብቃሉ። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ኑ አላቸው። ያን ጊዜ ዘፈን ማለት ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት ደቂቃ ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ ሊያልቅ ነው ብለው ከፍ አደረጉት፣ አጋጋሉት። ዲላን እንደገና ሌላ ግጥም ጀመረ። ደግመው ከፍ አደረጉ። እንደገና ጀመረ። ድራመኛው ኬኒ በትሪ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ዘፈኑ 11 ደቂቃ አልፎ ነው ያለቀው፣ በሸክላው ላይ አንድ ፊት ሙሉ ለብቻው ይዟል። ልጁ ይህን የሚያውቀው በራሱ እጅ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ተከበው ብር ሲዘንብ፣ ዘፋኙ ሽልማቱን አይቶ መጨረስ አልፈልግም ይላል። ድራመኛው አሁን ያበቃል ብሎ ኃይሉን ሁሉ ያወጣል፣ ዘፋኙ ዞሮ በጣቱ ቀጥል ይለዋል። ሦስቴ ኃይልህን ጨርሰህ ለአራተኛው ምን ታመጣለህ ነው ጥያቄው። ከሁሉም መልሶች ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። አሁን ያን ዘፈን ስሰማ ድምፃዊውን ትቼ ድራሙን ነው የማዳምጠው።

ከዚያ ነገሩ ወደ ፍየል ሄደ። መልስ 6 የ«ፔት ሳውንድስ»ን ሽፋን ለጥፎ፣ አንደኛ ያልከው አልበም ላይ አምስት ጎረምሶች ፍየል የሚቀልቡት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እውነት ነው፣ ሳን ዲዬጎ መካነ እንስሳት ውስጥ የተነሡት ነው። መልስ 7 ፍየሎቹን አይቶ የዘንድሮን የበዓል በግ ዋጋ አነሳ። መልስ 8 የፍየልም አይቀመስም አለ። ደግነቱ መልስ 9 መጣ። ወይም ክፋቱ።

መልስ 9 ሰላምታ የለውም። ሌነን ሁለት ዘፈን ብቻ ዘፈነ ያለው ማነው ብሎ ነው የጀመረው። እሱ ሲቆጥር አምስት ናቸው። አምስቱንም በስም ዘረዘረ። ቀጥሎም አልበም ሳይሰሙ ደረጃ የሚሰጡ ሰዎች መብዛታቸውን፣ ይህም የዘመኑ በሽታ መሆኑን ጻፈ። መልስ 10 አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው። መልስ 11 ለ9 ቁጥር ስለ ጨዋነት ምክር ሰጠ፣ ስለ ቁጥሩ ግን ልክ እንደሆነ አልደበቀም። እኔም በመልስ 12 ግትር አልኩ። አንድ በአንድ ጻፍኩለት። ከአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ፣ የአልበሙ መዝጊያ ሁለት፣ በቃ። ሦስቱን ከየት አመጣሃቸው? የሌላ አልበም ዘፈኖች ናቸው። መልስ 13 ስቆ አለፈ። የሳቀው በእኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መልስ 14 አንዲት ሴት ናት። ማንንም አልሰደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ አልበሙን የሰማኸው ከየት አገር ሸክላ ነው? ከዚያ ራሷ መለሰችው። እንግሊዝ ውስጥ በፓርሎፎን ኩባንያ የወጣው «ሪቮልቨር» 14 ዘፈን አለው። አሜሪካ ውስጥ በካፒቶል ኩባንያ የወጣው 11 ብቻ ነው። ካፒቶል ከእንግሊዙ አልበም ላይ ዘፈን እየቀነሰ፣ የቀነሰውን አጠራቅሞ ሌላ አልበም ማውጣት ልማዱ ነበር። ሦስቱን ዘፈኖች ሁለት ወር ቀደም ብሎ «የስተርደይ ኤንድ ቱዴይ» በሚል አልበም ላይ አውጥቷቸው ነበር። ያ ሥጋና የተቆራረጠ አሻንጉሊት ታቅፈው የተነሡበት፣ ጩኸት ተነሥቶ ሽፋኑ የተቀየረው አልበም ነው። ሦስቱም ዘፈኖች ደግሞ የሌነን ናቸው። ስለዚህ እኔም ልክ ነኝ፣ 9 ቁጥርም ልክ ነው። የተጣላነው በሁለት የተለያዩ አልበሞች ላይ ነው።

ይህን አንብቤ ተነሣሁና ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አወረድኩ።

ካሴቷ አለች። ቲዲኬ፣ 60 ደቂቃ። አጎቴ አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ካመጣቸው ሸክላዎች የቀዳልኝ ናት። በራሱ ጽሕፈት በአንዱ ፊት «ሀ ቢትልስ»፣ በሌላው «ለ ቢች ቦይስ» ብሎባታል። ፊደሉ ደብዝዟል። አንዱ ጥርሷ ላይ በእስክሪብቶ ስናጠነጥናት የተሰነጠቀው አሁንም አለ። የካሴት አንድ ፊት 30 ደቂቃ ነው። የአሜሪካው «ሪቮልቨር» 28 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ልክክ ብሎ ገብቷል። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ትንሽ ሽሽታ ይሰማል፣ ከዚያ ቀጭ። እኔ አልበም ማለት ይሄ ነው ብዬ አደግሁ። እነዚያን ሦስት ዘፈኖች በኋላ ዩቲዩብ ላይ አንድ በአንድ ሰምቻቸዋለሁ። የዚሁ አልበም ልጆች መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እና ደግሞ፣ ይሄ በእኛ መካከል ይቅር፣ «ፔት ሳውንድስ» 36 ደቂቃ ነው። ካሴቷ ላይ አልገባም። ከመጨረሻው ሦስተኛ የሆነው ዘፈን መሃል ላይ ነው የሚቆረጠው። አልበሙ ሲያልቅ የሚሰማውን የባቡር ድምፅና የቢች ቦይሱን የብራያን ዊልሰንን ውሾች ጩኸት የሰማሁት ጎልምሼ ነው። አንደኛ ያልኩትንም አልበም ለዓመታት ሙሉውን አልሰማሁም ነበር ማለት ነው። ይህን ለ9 ቁጥር አልነገርኩትም።

የካሴቷን ታሪክ በመልስ 15 ጻፍኩ፣ የ«ለ»ን ፊት ዘልዬ። አየሩ ረገብ አለ። 9 ቁጥርም ለጊዜው ዝም አለ። መልስ 16 ግን አልማረኝም። እንዲያ ከሆነ «አፍተርማዝ»ስ የትኛው ነው አለኝ። የእንግሊዙ 14 ዘፈን ነው፣ «ፔይንት ኢት ብላክ» የለበትም። የአሜሪካው 11 ነው፣ በእሷ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ የሰጠሁት፣ ሐቁን ለመናገር፣ ለእሷ ስል ነው። ለሲታሯ፣ ለዚያ ለሕንዶቹ ባለ አውታር መሣሪያ። አልበም ራሱን የቻለ ሥራ የሆነበት ዓመት ብዬ የከፈትኩት ወሬ ራሴ ላይ ተደረመሰ። ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዘፈን የሚጎድለው፣ ዘፈን የሚጨመርበት ነገር ምን ራሱን የቻለ ነው? መልስ 17 ለዚህ መልስ ነበረው። ራሱን የቻለው ሠሪው እንጂ ሻጩ አይደለም አለ። በ«ፔት ሳውንድስ» ላይ የሆነውን አስታወሰ። ካፒቶል አልበሙን በሜይ አወጣ፤ እንደጠበቀው አልሸጥ ሲለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የቢች ቦይስን የቆዩ ዘፈኖች ሰብስቦ ሌላ አልበም ገበያ ላይ ጣለ። ብራያን ዊልሰን ወንድሞቹ ጃፓን ሲዞሩ ስቱዲዮ ተዘግቶ የለፋበት ሥራ ከራሱ አሮጌ ዘፈኖች ጋር እንዲሻማ ተደረገ።

መልስ 18 የድምፅ ባለሙያ ነኝ ባይ ነው። ስለ ሞኖና ስቴሪዮ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ «ፔት ሳውንድስ»ን የሠራው በሞኖ፣ ማለትም ድምፁ ለቀኝና ለግራ ሳይከፈል ነው። መልስ 19 የ«ሪቮልቨር»ን መዝጊያ ከበገና ጋር አመሳሰለው። አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ የሚያዝም ነገር ከሥር ስላለ ነው። በእርግጥ እዚያ ያለው የሕንድ ታምቡራ ነው፣ ግን ጆሮው ያመጣለትን ማን ይከለክለዋል? ሌነን ድምፁ ከተራራ ጫፍ እንደሚጸልይ መነኩሴ ይምሰል ብሎ ጠይቆ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ በኦርጋን ስፒከር ውስጥ እንዳሳለፈው የጨመረውም እሱ ነው። ኤመሪክ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር።

ነገሩ የከረረው መልስ 20 ላይ ነው። የጻፈችው ልጅ ዝርዝሬን አንዴ አይታ፣ አምስቱም ነጮች መሆናቸውን ቆጠረች። 1966 ያለ ኦቲስ ሬዲንግ? ያለ ኒና ሲሞን? «ሪቮልቨር»ን ከቢልቦርድ፣ ከአሜሪካኖቹ የአልበም ደረጃ ሠንጠረዥ፣ አንደኛነት ያወረደው ማን እንደሆነ ታውቃለህ ብላ፣ ሱፕሪምስ መሆናቸውን ራሷ ነገረችኝ። በኦክቶበር «ዘ ሱፕሪምስ ኤ ጎ ጎ» አንደኛ ወጣ፣ ሴቶች ብቻ የሆኑበት ቡድን በዚያ ሠንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። መልስ 21 ያ አልበም በአብዛኛው የሌሎችን ዘፈን የሚደግም ነው ብሎ ለማጣጣል ሞከረ። አልለቀቀችውም። መልስ 22 ላይ ኦቲስም የሰው ዘፈን ነው የዘፈነው፣ እስኪ ስማውና የማን እንደሆነ ንገረኝ አለችው።

ልክ ናት። ሰማሁት። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» የ1930ዎቹ የለዘበ ዘፈን ነበር። ኦቲስ ሜምፊስ ውስጥ ስታክስ ስቱዲዮ ሲቀዳው፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ጸሎት ቀስ ብሎ ይገባል። ድራመኛው አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ሌላ ምንም የለም ማለት ይቻላል። መጨረሻው ላይ ሰውየው ልብሱን የሚቀድ ነው የሚመስለው። የኒና ሲሞን «ፎር ዊመን» ደግሞ ሌላ ነው። አራት ጥቁር ሴቶች በየተራ የቆዳቸውን ቀለም፣ የጸጉራቸውን ዓይነት፣ ከዚያ ስማቸውን ይናገራሉ። አራተኛዋ ስሟን ስትናገር ጸጉሬ ቆመ። እነዚህን እንዴት ረሳሁ? መልሱ አያኮራም። አጎቴ አልቀዳልኝም።

መልስ 23 ይጠበቅ ነበር። በአማርኛ ስለ ፈረንጅ ዘፈን ደረጃ የምታወጡ፣ የራሳችሁ ሙዚቃ የላችሁም ወይ? ማንነት፣ ባህል፣ ወዘተ። መልስ 24 በእርጋታ ቀረበው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የግል ሸክላ አሳታሚ አልነበረም። ከፈረንጆቹ 1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ያን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው፣ እሱም በፈረንጆቹ 1969። ያኔም ቢሆን በብዛት የሚወጣው በያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን ያላት ትንሿ ሸክላ ነበረች። አልበም የሚባለው ነገር በኋላ የመጣ ነው።

ታዲያ መልስ 25 ጎበዝ ነው። አገር ቤት ባይኖር ኒውዮርክስ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በዚሁ በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ሁለት ቅጽ እዚያ አውጥቷል። ቡድኑ የኢትዮጵያ ኩዊንቴት ይባል እንጂ ሙዚቀኞቹ በብዛት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ናቸው። ውስጡ «መስከረም ሲጠባ» አለ፣ በቫይብራፎን። 23 ቁጥር ተመልሶ መጣና በመልስ 26 ይሄ የላቲን ሙዚቃ ነው፣ የእኛ አይደለም አለ። ተመልከቱ፣ ቅድም የእኛ የት አለ ያለው እሱ ነው። እኔም ገባሁበትና አልበሙን እንደምወደው፣ ግን ከአምስቱ እንደማላስገባው ጻፍኩ። ለእኔ ሙላቱ ሙላቱ የሆነው አገር ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1966ቱ ላይ አንድ ሰው ገና ቤቱን እየፈለገ ነው። መልስ 28 ለዚህ ያለኝን እዚህ አልደግመውም። በጨዋ ቋንቋ ሲነገር፣ ጆሮዬን እንድታጠብ ነው የመከረኝ።

ከ29 እስከ 36 ያለው ጃማይካ ነው። በዚያ ዓመት ትልቁ የሙዚቃ ነገር አልበም አይደለም፣ ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ማረፋቸው ነው ብሎ የጀመረው 29 ነው። ሐሳቡ ደካማ አልነበረም። ቦብ ማርሌ ያን ቀን አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ሥራ ላይ ነበር፣ መንገድ ዳር ቆማ ያየቻቸው ሚስቱ ሪታ ናት፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ግን ጃንሆይ ከተነሡ ወሎ ተነሣ፣ ወሎ ከተነሣ ደርግ ተነሣ፣ እና አወያዩ ገብቶ ስምንቱንም መልስ በአንድ ማስጠንቀቂያ ዘጋ። መልስ 37 የበግ ዋጋ ወረደ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ዝርዝሬን በመልስ 38 አሻሻልኩ። «ፔት ሳውንድስ» አንደኛነቱን አልለቀቀም። ሦስተኛ የነበረው «አፍተርማዝ» ወረደ፣ የየትኛውን አገር እንደምወድ እስክወስን። ኦቲስ ሬዲንግ ሦስተኛ ገባ። ኒና ሲሞን «ዋይልድ ኢዝ ዘ ዊንድ»ን ይዛ አምስተኛ። ሳይመንና ጋርፈንክልን ሸኘኋቸው፣ ማንም አልተሟገተላቸውም። «ሪቮልቨር» ሁለተኛ ወጣ። ዲላን ለእሱ ቦታ ለቆ አራተኛ ሆነ፣ ድራመኛው ልጅ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ።

መልስ 39 ያው 9 ቁጥር ነው። ይቅርታ አላለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ 14ቱን በተራ፣ ሳትዘል ሰማህ? አልሰማሁም ነበር። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሄድፎን አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛው ዘፈን፣ ያ በቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ ብቻ የሚሄደው የብቸኞቹ ዘፈን፣ አለቀ። ጆሮዬ ሲታር ይጠብቃል። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቀጥሎ ሲታር ነው የሚመጣው። ጊታር መጣ፣ ቀጥሎም የሌነን ድምፅ፣ ከእንቅልፉ ገና ያልነቃ ሰው ድምፅ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ሲታሩ መጣ።

ለ39 ሰማሁ ብዬ መለስኩለት። እሱም በመልስ 41፣ አሁን ስለ አንደኛህ እናውራ አለኝ።